ስልሳ ዲግሪ

ደርበው የማሞቂያውን ክዳን ሲያነሳ የቃጠሎው ሽታ ከእንፋሎቱ ቀድሞ አፍንጫውን መታው። ጠዋት ሲገባ እንደ እርጎ የነጣው ሁለት መቶ ኪሎ ማር የሻይ ቀለም ይዞ፣ ዳር ዳሩን አረፋ እየነፋ ነበር። ክዳኑን ቶሎ መለሰውና ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ማንም የለም። የሙቀት መቆጣጠሪያው ቀስት ስልሳ ላይ ቆሟል። ወደ አርባ ሊመልሰው እጁን ሲዘረጋ ባንችይርጋ የታጠቡ ወንፊቶች ታቅፋ ገባች። እጁን ሰበሰበ።

«ጋሽ ደርበው፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ነይና እዪው» አላት። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ባንችይርጋ ጎንበስ ብላ እንዳየች ወንፊቶቹ ከእጇ ወደቁ። «ወይኔ እናቴ! እኔ ቁልፉን አልነካሁም፤ በእመቤቴ እምላለሁ፣ አልነካሁም!»

ደርበው አልነካሽም አላላትም። ነክተሻልም አላላትም።

ቁልፉን ያዞረው እሱ ነበር።

ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ይህ የማር ማዘጋጃ ከተከፈተ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሰባቱንም ዓመት የምርት ተቆጣጣሪው ደርበው ነበር። ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲያ ማዶ ካሉ ገበሬዎች ማሩን ቀምሶ የሚገዛው እሱ፣ የሚያሞቀው እሱ፣ የሚያጠልለው እሱ። ጦርነቱ የደረሰ ጊዜ ማሽኖቹን ፈታትቶ ጭድ ውስጥ ደብቆ ያተረፋቸውም እሱ ነው። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ሲለቅ ቦታው ለማን እንደሚሆን ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠረም፤ ለሚስቱም ነግሯት ነበር። የድርጅቱ ባለቤት አቶ ሰይፈ ሥላሴ ግን ከአዲስ አበባ ደውለው «አንዲት ጎበዝ ልጅ ልኬልሃለሁ፤ አግዛት» አሉት።

የትናየት የምትባል የፍላቂት ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ስምንት ዓመት በእርዳታ ድርጅት ሠርታለች፤ ጋሸና ላይ ድንኳን ተክላ ለተፈናቃዮች እህል ስታከፋፍል የኖረች ናት። ስለ ማር ምን ታውቃለች? ደርበው ራሱን ይህን እየጠየቀ የመጀመሪያውን ሳምንት በትዕግሥት አሳለፈ።

እሷ ግን ያን ሳምንት ቢሮ እንኳ አልገባችም። ከሴቶቹ ጋር ቆማ ማር በጠርሙስ ስትሞላ ሰነበተች። ከዚያ እያንዳንዳቸውን «የቱ ሥራ ይከብድሻል?» እያለች ጠየቀች። ቀኑን ሙሉ ቆመው ይሠሩ የነበሩት ወንበር አገኙ። ሦስት ቀን የቀረ ይሰናበታል የሚለው ሕግ ተነሳ። ኡሙሀኒ በረመዳን ማለዳ ገብታ ፀሐይ ሳይበረታ እንድትወጣ ተደረገ፤ ሌሎቹም ሳይከፋቸው ሥራዋን ሸፈኑላት። ደርበው ቢቃወማት «ጋሽ ደርበው፣ መጠለያ ውስጥ የተማርኩት መጀመሪያ የባሰበትን መጠየቅ ነው። እዚህም ያው ሰው ነው ያለው» አለችው።

ምርቱ ይወድቃል ብሎ ጠበቀ። አንድ ወር ጠበቀ፤ ሁለት ወር ጠበቀ። ምርቱ ጨመረ።

ይህንን ነው ይቅር ሊላት ያልቻለው። ሴቶቹ ከቤታቸው የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ያመጡላታል፤ እሱን በሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ፍሬ አቅምሰውት አያውቁም። እሷ ስትገባ ጨዋታው ይደራል፤ እሱ ሲገባ ይበርዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንድ ቀን ምሳ ላይ የጠየቀችው ነገር ነው።

«ባለቤትዎ ወልድያ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አንድም ቀን ከሥራ አልቀሩም አሉኝ። ያኔ ማን አይዞዎ አለዎት?»

«ሥራ ሥራ ነው» ብሎ ተነሳ። ግን ማንም አይዞህ አላለውም ነበር። ጥያቄዋ እንደ እሾህ ተሰክቶበት ሰነበተ።

ዕለቱ ሰኞ ነበር። ሰኞ ሰኞ ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ተሰብስቦ ይነጋገራል፤ ይህንንም ያመጣችው እሷ ናት። ደርበው አውቆ ዘገየ። በማሞቂያው ክፍል ሲያልፍ የማሞቂያው ተረኛ ባንችይርጋ ወንፊት ልታጥብ ወደ ቧንቧው ሄዳለች። ማሩ በማግስቱ በጋሸና በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጫን ነው። አርባ ዲግሪ ላይ ቀልጦ ለመጥለል እስከ ማታ ይፈጃል። ከወይራው ሥር ሳቅ ፈነዳ። እስከ ምሳ ቢያደርሰው ሥራውን የሚያውቀው ማን እንደሆነ ያያሉ። ለአሥር ደቂቃ ብቻ ብሎ ቁልፉን ስልሳ ላይ አደረሰውና ወደ ስብሰባው ሄደ።

በደረሰ ጊዜ ኡሙሀኒ ቆማ እየተናገረች ነበር። ብዙ የማትናገር ሴት ናት። «ወላሂ፣ እዚህ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ» አለች። «ሰው መሆኔን ያወቅሁት ግን ዘንድሮ ነው።»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ደርበው ባለበት ደርቆ ቀረ። ከአራቱ ዓመት ሦስቱ የእሱ አልነበሩም? ታዲያ በእነሱ ጊዜ ምን ነበርኩ ነው የምትለው? ቃሏን እያመነዠከ፣ የየትናየትን ፊት እያየ፣ ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቀም። ማሩ ትዝ ሲለው ሃምሳ ደቂቃ አልፎ ነበር።

አሁን ሠራተኛው ሁሉ ማሞቂያውን ከቦ ቆሟል። ባንችይርጋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። የትናየት ቁልፉን አየችው፤ ማሩን በማንኪያ ቀመሰችው።

«ማን አጠፋ ብዬ አልጠይቅም» አለች። «በዚህ የሚባረር ሰው የለም። እንዴት እንደተበላሸ ግን ማወቅ አለብን። ባንችይርጋ፣ ሽታው ሲመጣ ክዳኑን ለምን አልከፈትሽውም?»

«ክልክል ነዋ። ያለ ጋሽ ደርበው ክዳን የከፈተ ይቀጣል። ባለፈው ዓመት አንዷ የሁለት ቀን ደሞዟን ተቀጥታበታለች። ቧንቧው ድረስ ሸቶኝ ነበር፤ ፈራሁ።»

ማንም ወደ እሱ አላየም። ቢያዩት ይሻለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ አቶ ሰይፈ ሥላሴ ደወሉ። የትናየት ደርበውን ቢሮ ጠርታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው።

«ማን ነው ያቃጠለው?» አሉ አቶ ሰይፈ ሥላሴ፤ ሰላምታም አልሰጡ።

«ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» አለች።

«ማሞቂያው ላይ ማን ነበር ነው ያልኩሽ! ተረኛዋን ዛሬውኑ አሰናብቻት።»

«አላሰናብታትም። ሰው እየሸተተው ክዳን ለመክፈት የሚፈራበት ቤት ሆኖ ሳለ አይቼ ዝም ብያለሁ። እሱን ሕግ በመጣሁ ሳምንት ማንሳት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሚቀጣም ካለ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንቺ ነሽ የምትሄጂው! ደርበውን አቅርቢልኝ።»

ስልኩን ሳትቆጣ ወደ ደርበው ገፋችለት። አቶ ሰይፈ ሥላሴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደርበው፣ መጀመሪያውኑ ላንተ መስጠት ነበረብኝ። ከነገ ጀምሮ ቤቱን ያዝልኝ።»

ከእሷ መምጣት ጀምሮ በየቀኑ በሐሳቡ ሲሰማው የኖረ ቃል ነበር። ሲመጣ ግን ደስታ ይዞ አልመጣም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ባንችይርጋ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሴቶቹ ከበዋታል። የሁሉም ዓይን የቢሮው በር ላይ ነው፤ የትናየትን ይጠብቃሉ። ስትወጣ የሚሆነው ታየው። ለአንዲት ማር አጥላይ ብላ እንጀራዋን ሰጠች ይባላል። ላሊበላ ይወራል፤ ፍላቂት ይወራል። ባንችይርጋ ለልጆቿ ስሟን ታነሳላቸዋለች። እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ እነሱ ግን እሷን እያሰቡ ጠርሙስ ይሞላሉ። ወንበሩን ትታለት ሰዎቹን ይዛ ልትሄድ ነው። በምን? በእሱ ጥፋት! በገዛ እጁ ያቃጠለውን ማር እንኳ ወሰደችበት።

በቅናት ተገፍቶ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለ።

«አቶ ሰይፈ ሥላሴ» አለ። «የእሷ ጥፋት አይደለም። የባንችይርጋም አይደለም። ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ።»



«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ። ስልሳ ላይ አድርጌው ረሳሁት። ሲጠየቅም ዝም አልኩ።»

«አንተ? ደርበው? ሰባት ዓመት ሙሉ...» አቶ ሰይፈ ሥላሴ አልጨረሱትም። «ነገ በአውሮፕላን እመጣለሁ። እስክመጣ ማንም የትም እንዳይሄድ» ብለው ዘጉት።

ደርበው የትናየትን ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈለገ፤ ሲያጣው ደግሞ ድል ፈለገ። ሁለቱንም አጣ። ያየው ድካም ብቻ ነበር።

«ለምን አዞሩት?» አለችው ቀስ ብላ።

መልሱን ያውቀዋል። ሊያወጣው ግን አልቻለም። «እንዲፈጥን ብዬ ነው» አለ።

ሌላ እንደማይጨምር ሲገባት ከወንበሯ ተነሳች። «እሺ። ውጭ እየጠበቁ ነው። እርስዎ እዚህ ትንሽ አረፍ ይበሉ፤ እኔ በለሰለሰ መንገድ ላስረዳቸው። በእርስዎ እንዳይከፉ አድርጌ እነግራቸዋለሁ።»

ታደርገዋለችም። እሷ ከነገረቻቸው ይቅር ይሉታል፤ ይቅርታውም የእሷ ይሆናል።

«ይተዉት» አለ ደርበው። «ይሄን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ።»

ቀድሟት በሩን ከፍቶ ወጣ። ሴቶቹ ከኋላው እሷን ፈልገው አንገታቸውን አሰገጉ። ደርበው ግቢውን አቋርጦ እስከ ግድግዳው ሄደና ከባንችይርጋ ፊት ለፊት፣ አቧራው ላይ ቁጭ አለ።

«ባንችይርጋ» አላት፣ «አልነካሁም ያልሽው እውነትሽን ነው።»