ሁሉም በድሮው ቦታ

ታች ግራ ጥግ፣ እዚያው ነው፣ አልሄደም፣ ማውሱን ወደ ታችና ወደ ግራ እስኪያልቅ ሲገፋው ቀስቷ ጥጉ ላይ ትቆማለች፣ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላትም፣ ሲጫናት ዝርዝሩ ወደ ላይ ይዘረጋል፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ተመስገን፣ ተመስገን አምላኬ። ቀስ በል ኤጀታ። ገና ምንም አልሠራህም፣ ዱጋሳ ከኋላህ ቆሟል።

ዱጋሳ መሆኑ በመኪናው ቁልፍ ይታወቃል፣ ኪሱ ውስጥ ሲያንቃጭለው ሃያ ዓመት ሆኖታል፣ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሳይሆንም፣ መኪና ሳይኖረውም የቤቱን ቁልፍ እንዲሁ ያንቃጭል ነበር። ሣራ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ናት፣ ስትገባ ደህና አደሩ ጋሼ ብላለች፣ ባትል ኖሮ ማን መሆኗን በምን ያውቅ ነበር። ፌበን ደግሞ ጠረጴዛው ስር ገብታ ከፕሪንተሩ ገመድ ጋር ትታገላለች፣ ቅዳሜ ጧት ሰው ሁሉ ሲያርፍ ይህች ልጅ ከሲ.ኤም.ሲ ድረስ በታክሲ እየመጣች የቀበናን ቤተ ክርስቲያን ኮምፒውተር ታክማለች፣ እግዜር ይስጣት፣ እግዜር ይስጣትና ዛሬ ጉድ እንዳታፈላብኝ።

ጋሽ ኤጀታ፣ ይሄኛው የድሮውን ፊት አልተወም፣ ነው ያለችው። ሲስተሙ አዲስ ነው፣ ቫይረስ አይነካውም፣ ገጹ ግን የድሮው ነው፣ የለመዱት እንዳይጠፋባቸው ያሉ ሰዎች ያቆዩት ነው፣ የሚፈልጉትን ሁሉ ጥጉ ላይ ያገኙታል። ልጅቷ የመሰላት የሽማግሌ ግትርነት ነው። ይምሰላት። ግትር መባል ምን አለበት፣ ግትር ሰው ወንበሩ ላይ ይቆያል።

ከመስከረም ወዲህ የኤጀታ ዓይን መሃል የለውም። ዳር ዳሩን ያያል፣ ትክ ብሎ የሚያየውን ነገር ግን አያየውም፣ ዱጋሳን ሲያየው ኮፍያውና ጆሮዎቹ አሉ፣ ፊቱ የለም፣ ፊደል ላይ ሲያተኩር ፊደሉ ይሟሟል፣ በመስኮቱ ወደ እንጦጦ ሲያይ ሰማዩም አለ፣ አጥሩም አለ፣ ተራራው የት ሄደ። ሐኪሟ ጥሩ ሰው ናት፣ አልዋሸችውም፣ ባለበት ይቆም ይሆናል እንጂ የሄደው አይመለስም አለችው፣ እሱም አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ፣ አመሰግናለሁ፣ ስለ ምኑ። ታደለች ብቻ ታውቃለች። የትዳር ጓደኛ እንዴት አታውቅም፣ ሽሮውን ትቶ ሳህኑን ሲጠቅስ አይታ ምንም ሳትል እጁን ይዛ ወደ መሃል መለሰችው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መጽሐፉን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ለራሷ እንደምታነብ ሆና።

እዚህ ቢሮ ግን ዓይን ማን ፈለገ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ማሽን፣ አንድ ገጽ። ሰነዶች ግራ ዓምድ ከላይ ሦስተኛ፣ ቆሻሻ መጣያው ቀኝ ታች፣ ሰዓቱ ከሱ ስር፣ ጣት የሚያውቀውን ዓይን ቢረሳው ምን ይጎዳል። ፌበን በኅዳር ያመጣችው የመጀመሪያው ሲስተም ነው የገደለው፣ ጥጉ ባዶ፣ ሁሉ ነገር መሃል ላይ ተከምሮ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ለእሱ በሌለው ቦታ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቤቱ ተኛ፣ ዋሸ፣ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ዋሸ። ያን ጊዜ ነው ዱጋሳ ኤጀታ ከኮምፒውተሩ ጋር ካልተስማማ ዲፕሎማ ያላት ልጅ እንቅጠርና እሱ ይረፍ ያለው። ይረፍ። ለሞተ ሰውም ይረፍ ይባላል። ፌበን ለጊዜው የድሮውን መልሳ፣ አንድ ሌላ ልሞክርላቸው ባትል ኖሮ ይኸኔ አርፎ ነበር። ዛሬ የመጨረሻው ነው፣ ዱጋሳ እያየ ይሞክረዋል፣ ከሠራ ወንበሩ የሱ ነው፣ ካልሠራ የባለዲፕሎማዋ።

ለምን አትነግራቸውም ትለዋለች ታደለች። ትነግራቸዋለህ፣ ከዚያስ፣ እሑድ ይመጣል። ሰቦቃን አላየሽም እንዴ። ሰቦቃ፣ የዘበኛ ቤቱ ሰቦቃ፣ ዳሌው የታመመው፣ መድረክ አወጡት፣ እጅ ጫኑበት፣ ከልባቸው አለቀሱለት፣ ማንም አላሾፈም፣ ከዚያ ማይኩ አፉ ስር መጣ፣ ዳንክ ወይ፣ ሦስት መቶ ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቅ ምን ይላል ሰውየው፣ ዳንኩ አለ። ምርኩዙን ጥሎ ሄደ፣ እልልታው፣ ኤጀታ ራሱ እልል ብሏል። በማግስቱ ምርኩዙን አጥር ስር ደብቆ ከጊቢ ሲወጣ አንስቶ ሲገባ ሲጥለው ኤጀታ አየው፣ ያኔ ያይ ነበር፣ አይቶ ዝም አለ። በሦስተኛው ሳምንት ቀበና ድልድይ ላይ ወደቀ፣ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ኤጀታ እግዚአብሔርን አይጠራጠርም። የሚጠራጠረው ኤጀታን ነው፣ ማይኩ ሲመጣ አያለሁ የሚለውን ኤጀታ፣ አያለሁ ብሎ ደረጃ የሚስተውን።

ጋሽ ኤጀታ፣ ገመዱ ገብቷል፣ ይሞክሩት፣ ይላል የፌበን ድምፅ ከጠረጴዛው ስር። በል አሳየን እንግዲህ፣ ይላል ዱጋሳ፣ ቁልፉ ቀጭ ቀጭ።

የሣራ መሸኛ ደብዳቤ። ባለፈው ሳምንት የድሮው ማሽን ላይ ጽፎት ሳይታተም ቫይረሱ ማሽኑን ጣለው፣ ፌበን ፋይሎቹን በፍላሽ አትርፋ ወደ አዲሱ መለሰቻቸው፣ ስለዚህ መክፈትና ማተም ብቻ ነው፣ ለሌላ ሰው ቀላል ነው። ሣራ አያት ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከቀበና ልትሄድ ነው፣ ለዚያኛው አጥቢያ ደብዳቤ ይዛ ካልሄደች እዚያ እንደ እንግዳ ነው የምትቀመጠው። ደብዳቤው ደግሞ በፖስታ ታሽጎ አይሰጥም፣ በዚህ ቤት ደንብ ጸሐፊው በሽማግሌና በተሸኚው ፊት ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሽማግሌው ይፈርማል፣ ይጸለያል። ዘንድሮ ስንቱን ሸኘ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሰዉን ጠራርጎ ወሰደው፣ የሱ እጅ ያልጻፈለት የለም።

ግራ ዓምድ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አለ፣ ፌበንዬ አስቀምጣዋለች፣ ሁለቴ ነካ ነካ፣ ተከፈተ፣ ወደ ታች አራት ጊዜ፣ የመሸኛ ፎልደር፣ እሺ፣ መጨረሻውን ተጫን፣ የመጨረሻው የሣራ ነው፣ እሺ። ነጭ ገጽ። መስመሮች። አንድ፣ ሁለት፣ አዎ ጥቁር ጥቁር መስመሮች ዳር ዳር ላይ ይታያሉ፣ ቀኝ ዳር ላይ ትንሽ ወጣ አላሉም እንዴ፣ የድሮው እዚህ ጋ ያልቅ ነበር፣ ይሄ ትንሽ አለፍ ብሏል፣ ተወው፣ አዲስ ሲስተም ነው፣ ትንሽ ይለያይ፣ ምን ትፈልጋለህ ሰውዬ። ኮንትሮል ፒ። እሺ።

ፕሪንተሩ ያጓራል። እሱም የድሮው ነው፣ እንደ ታመመ በሬ አጓርቶ ነው ሁልጊዜ የሚጀምረው።

አየሽ፣ ይላል ዱጋሳ ለፌበን ይሁን ለራሱ፣ ለካ የለመደውን ስትሰጪው እንደ ልጅ ነው፣ እኔ እኮ ደክሞታል ብዬ ነበር። ቁልፉ በደስታ ነው የሚጮኸው። ኤጀታ ማልቀስ ያምረዋል፣ ሁለት ዓመት፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ለጡረታ የቀረው፣ ወረቀቱ ሞቅ ብሎ ይወጣል፣ አርማው ከላይ ቀድሞ የታተመበት ወረቀት ነው፣ አረንጓዴው ዳር ላይ ይታየዋል፣ ከታች ቀኝ በኩል በአውራ ጣቱ ይለካል፣ ማኅተሙን ይመታል፣ ጥርት ያለ ድምፅ፣ በቦታው። ሣራ ተነስታለች። ይነበብ፣ ይላል ዱጋሳ።

ኤጀታ መነጽሩን ያስተካክላል፣ ለምን፣ እንዲሁ፣ ሰው ሲያነብ ያስተካክላል። ወረቀቱን ራቅ ያደርጋል፣ መልሶ ቀረብ፣ ተዋናይ ወጥቶሃል ኤጀታ። ቃሉን ያውቀዋል፣ እሱ ነው የጻፈው፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ ያውቀዋል።

ለአያት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን። በጌታ የተወደዳችሁ፣ እኅታችን ሣራ ጎበና ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የአጥቢያችን አባል በመሆን፣ ሕፃናትን በማስተማር በታማኝነት ስታገለግል ቆይታ፣ የመኖሪያ ስፍራዋን በመቀየሯ ከእናንተ ጋር ትሆን ዘንድ በፍቅር ሸኝተናታል። ሕመምተኛ ስትጠይቅ ጨለማና ዝናብ የማትል እኅት ናትና እንደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ተቀበሉልን። ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ በቀስታ ያንቀሳቅሳል፣ መስመር ሲያልቅ ይመለሳል፣ ዓመተ ምሕረቱ ላይ እንደተቸገረ ሁሉ ቆም ብሎ ነበር፣ ጥሩ አደረገ፣ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። ሣራ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ አልቅሳለች መሰል። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዘረጋላታል።

ወረቀቱ ሲገለበጥ ይሰማል፣ ጀርባውን ታየዋለች፣ መልሳ ፊቱን፣ ጀርባው ላይ ምን አለ ጀርባው ባዶ ነው፣ ትንሽ ሳቅ፣ ያፈረ ሰው ሳቅ፣ ጋሼ፣ ይሄ እኮ አማርኛ አይደለም፣ ትላለች።

የዱጋሳ ቁልፍ ያቆማል።

ፌበን ከጠረጴዛው ስር ትወጣለች፣ ጭንቅላቷ ጠረጴዛውን ሲመታ ይሰማል፣ አሳዩኝ፣ ውይ፣ ፎንቱ ነው፣ ፎንቱ ነው ጋሽ ኤጀታ፣ የድሮው ማሽን ላይ የሚጽፉበት የአማርኛ ፎንት እዚህ አልተጫነም፣ ፊደሉ ሁሉ የፈረንጅ ምልክት ሆኖ ወጣ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ገጹን ሳሳምር ፎንቱን ረሳሁት፣ አሁኑኑ፣ እና ታቆማለች። አራዳ ልጅ ናት፣ ገባት።

ታዲያ አንተ ምኑን ነው ያነበብከው?

ዱጋሳ ነው። ተነቃብህ ኤጀታ። በል ቶሎ በል፣ በቃሌ አውቀዋለሁ በል፣ እውነት ነው ደግሞ፣ ስህተት እንደሆነ አይቼ ሣራን እንዳላሳፍር ብዬ በቃሌ ወጣሁት በል፣ ያምኑሃል፣ ሳቅ በልና መነጽሬን ቀይሬ ነው በል፣ የታደለችን አድርጌ መጣሁ በል፣ ይስቃሉ፣ ፎንቱ አሁኑኑ ይጫናል፣ ሁለት ዓመት፣ የሚፈልገው ያችን ሁለት ዓመት ነው፣ አፉን ይከፍታል፣ ሰቦቃ አጥሩ ስር ጎንበስ ብሎ ምርኩዙን ሲያነሳ ዙሪያውን እንዴት እንዳየ፣ ሌባ ይመስል፣ በገዛ ምርኩዙ።

አላይም ዱጋሳ። ከመስከረም ጀምሮ ማንበብ አልችልም።

ወጣ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። ዱጋሳ አንድ እርምጃ ይቀርባል፣ ኤጀታ በዳር ዓይኑ የዱጋሳ እጅ ሲነሳ ያያል፣ ሰፊ እጅ ነው፣ ስንት ራስ ላይ ያረፈ እጅ፣ ኤጀታ ሳያስበው የገዛ እጁ ወደ ላይ ሄዶ ያስቆመዋል።

እሑድ መድረክ አልወጣም። ጸልዩልኝ፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ጸልዩልኝ፣ ማይክ ግን አታምጡብኝ።

ዱጋሳ እጁን ያወርዳል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰቦቃን አስበህ ነው? አዎ። ዱጋሳ ይቀመጣል፣ አግዳሚው ይንቋቋል። ጠይቄው አላውቅም፣ ይላል፣ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን ሄጄ ጠይቄው አላውቅም። ይህን የሚለው ለኤጀታ አይደለም።

እና አሁን ምን ይሆናል፣ ባለዲፕሎማዋ ልጅ ትቀጠራለች፣ ትቀጠር፣ ያፍራል፣ ያቃጥለዋል፣ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ በአንድ ወረቀት፣ ደግሞም የሆነ ነገር ቀሎታል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚሰማው።

ጋሼ፣ ትላለች ሣራ፣ ያነበቡት ግን ልክ ነው? የተጻፈው እንደሱ ነው?

ቃል በቃል።

እንግዲያው ይድገሙት። ፌበን ትጻፈው።

ኤጀታ ወንበሩን ይዞ ይነሳል፣ መደገፊያውን ያውቀዋል፣ የተላጠችውን ጠርዙን፣ ገፋ አድርጎ ለፌበን ይለቅላታል፣ እሷ አይሆንም ይቀመጡ አትለውም፣ ደግ አደረገች። ትቀመጣለች። ማውሱ ሲንሸራተት ይሰማል፣ የት እንደሚሄድ ያውቃል፣ ታች ግራ ጥግ ነው፣ ይላታል፣ ከአፉ አምልጦት ነው፣ አዎ ጋሼ አገኘሁት፣ ትለዋለች። ነጭ ገጽ ይከፈታል፣ ለአዲስ ጽሑፍ ሲስተሙ የራሱ አማርኛ አለው። ኤጀታ ከኋላዋ ይቆማል፣ ሲያስመስል የቆየውን መነጽር አውልቆ ኪሱ ይከታል፣ ይንገሩኝ ትላለች፣ ዱጋሳ ቁልፉን አያንቀሳቅስም፣ ኤጀታ በቀስታ ይጀምራል፣ እያነበበ አይደለም፣ በጌታ የተወደዳችሁ፣ እኅታችን ሣራ