የሚወጋው ሰፍነግ

ተመራማሪዋ የወንዝና የሐይቅ ሰፍነጎችን በመለየት ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ቆይታለች። ሰው ሥራዋን ጠይቋት «ሰፍነግ» ስትል ቶሎ የሚመጣለት የዕቃ ማጠቢያው ስለሆነ፣ ባልደረቦቿ «ዕቃ አጣቢዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል። እሷም አትቆጣም። ሰፍነግ እንስሳ መሆኑን፣ ዓይንና ሆድ ሳይኖረው ድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ ውሃ እያጣራ እንደሚኖር ለማስረዳት ትዕግሥት አላት።

ለተማሪዎቿ ደጋግማ የምትነግራቸው አንድ ነገር ነበር። «ሰፍነግን በመልኩ አትመኑት» ትላቸዋለች። አንዱ ዝርያ ራሱ ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ ጣት ጣት እያወጣ ያድጋል፣ ኃይለኛ ውሃ ውስጥ ደግሞ ልጥፍ ብሎ ይተኛል፤ ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ፣ ጨለማ ውስጥ ነጭ ነው። ማንነቱ የሚታወቀው በሰውነቱ ውስጥ በተሰገሰጉ፣ በዓይን በማይታዩ የመስታወት መርፌዎች ነው። ከሁሉም በላይ የሚለዩት ደግሞ ለክፉ ቀን ብሎ በሚያስቀምጣቸው፣ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ባሉ እንክብሎች ላይ ያሉት መርፌዎች ናቸው። እነሱን ለማየት ቁራጩን በአሲድ መቀቀል፣ ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል። ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ያን ዓርብ ግማሽ ቀን አልነበራትም። በማግሥቱ የታናሽ እህቷ ሠርግ ነው፤ ለዘጠኝ ሰዓት ፀጉር ቤት ቀጠሮ ይዛለች። ስምንት ተኩል ላይ የአሮጌው ውሃ ቦይ ጠባቂ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ታቅፈው ገቡ።

ቦዩ በከፊል በድንጋይ ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ነው። ድንጋዩ ውሃ ስለሚያፈስ ውስጡን በሲሚንቶ ሊለስኑት ተወስኗል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት «እዚህ ውስጥ የተለየ ፍጥረት የለም» የሚል ደብዳቤ ከእሷ መሥሪያ ቤት ይጠበቃል።

«ዶክተር፣ ይሄ የዋሻው ከላይኛው፣ ከዋሻው ውጭ ካለው ጋር አንድ አይደለም» አሉ ሽማግሌው ጠርሙሱን ጠረጴዛዋ ላይ እያስቀመጡ። «ሠላሳ ዓመት ከቦዩ ድንጋይ ላይ የፋቅኩት እኔ ነኝ። የላይኛው ሲነኩት ልስልስ ይላል። ይሄ ይወጋል። ይኸው ጣቴን ይዩት።»

ጣታቸውን አላየችም። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስታ ያዘችው፤ ነጭ፣ ልጥፍ ያለ ነገር።

«አባባ፣ ጨለማ ውስጥ ስላደገ ነው የነጣው። ውሃው ስለሚጫነው ነው የተለጠፈው። ሰፍነግ እንዲህ ነው፣ መልኩ ያታልላል።»

«መልኩን መቼ አልኩ? አነካኩን ነው የምልዎት።»

«ገባኝ። አየዋለሁ፣ እሺ?» አለች ቦርሳዋን እያነሳች።

እሳቸው እንደወጡ ደብዳቤውን ጻፈችው፤ አንድ መስመር። በቦዩ ውስጥ ያለው ሰፍነግ በየቦታው የሚገኘው የተለመደው ዝርያ ነው። ፈረመች። ጠርሙሱ ውስጥ አልኮል ሞልታ «የተለመደው» ብላ ጻፈችበትና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ፀጉር ቤቱ በሰዓቷ ደረሰች። ሠርጉም አማረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተ ሙከራው ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር፣ የሚጣለውን ከሚቀመጠው ስትለይ ጠርሙሱ እጇ ገባ። ልትጥለው ነበር። ለተማሪዎች ማሳያ ይሆናል ብላ ቁራጭ ቆርጣ ቀቀለች። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኗን እንዳሳረፈች መጀመሪያ የመሰላት ቆሻሻ ነው። የእንክብሎቹ መርፌዎች አንድ ጫፋቸው ጥርሳም ክብ ሆኖ፣ ሌላው ጫፋቸው እንደ ዓሣ መንጠቆ የታጠፈ ነበር። ሰውነቱን ያቆሙት ትልልቆቹ መርፌዎች ደግሞ ከተለመደው ሦስት እጥፍ የረዘሙና ሹል ናቸው። ለካስ ሽማግሌው ይወጋል ያሉት እውነታቸውን ነው።

መጻሕፍቱን አገላበጠች። በሙያው አንጋፋ ለሆኑ አንድ የውጭ አገር ምሁር ሥዕሉን ላከች። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፦ «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። በዝርያ ብቻ ሳይሆን ከዝርያ በላይ ባለው ወገንም የተለየ ይመስለኛል። ከነነፍሱ ያለ ናሙና በአስቸኳይ ላኪልኝ።»

ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። 

ቀጣዮቹን ሦስት ቅዳሜዎች ቦዩ ውስጥ ዋለች። እስከ ጭኗ የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ አጥልቃ፣ ባትሪ ግንባሯ ላይ አስራ፣ ዋሻውን ከአፍ እስከ አፍ ዳበሰችው። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ እንደ ሳህን ልሙጥ ሆኗል። ከዋሻው በላይ ፈለገች፣ ከዋሻው በታች ፈለገች፣ ወንዙ ድረስ ወርዳ ድንጋይ ገለበጠች። የምታገኘው ሁሉ ልስልስ ያለው፣ አረንጓዴው፣ የተለመደው ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ልሙጡ ሲሚንቶ ላይ መዳፏን አሳርፋ አለቀሰች። እዚህ ግድግዳ ላይ ማንም ሳያውቀው ስንት ዘመን የኖረ ፍጥረት በእሷ አንድ መስመር ተለስኗል።

አለቃዋ ግን ደስታውን አልቻለውም። «አዲስ ዝርያ! ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው? ቶሎ ጻፊው እንጂ!»

«ቦታው የለም። እኔ ነኝ ያስጠፋሁት።»

«እሱን በአንድ ሐረግ ታልፊዋለሽ። ‹ናሙናው የተገኘበት ቦታ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል› በይ። በቃ።»

«ማን ለወጠው?»

«ተለውጧል ነው የምልሽ። ሳይንስ ማን አይልም» አለና ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። በነጋታው የቦይ ጠባቂውን ቤት አጠያይቃ ሄደች።

ሽማግሌው ቤታቸው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ሶል በማስቲሽ ያጣብቃሉ። አሁን ቦይ ጠባቂ አይደሉም፤ ልሙጥ ሲሚንቶ መፋቅ ስለማያስፈልገው የቦዩ ፓምፕ ጣቢያ በር ላይ ዘበኛ አድርገው አስቀምጠዋቸዋል። ባለቤታቸው ወንበር አወጡላት። አልተቀመጠችም፤ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጠርሙሱን እንዳልመረመረችው፣ ደብዳቤውን በዚያው ሰዓት እንደጻፈችው፣ ፀጉር ቤቱን ሳይቀር።

«ልክ ነበሩ» አለች። «የተለየ ነበር። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አልተገኘም።»

ሽማግሌው ማስቲሹን ክዳኑን ገጥመው አስቀመጡት። ባለቤታቸው ናቸው የተናገሩት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ነው የሥራ ጓደኞቹ የሳቁበት! ‹ፕሮፌሰሩ› እያሉ። ቆሻሻ በጠርሙስ ይዞ ዶክተር ጋ ሄዶ ተባረረ እያሉ። ምሳ አብሯቸው መብላት ትቷል።»

«ተይ አንቺ» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እርስዎ ነበር የሚሏት።

«እኔም አመንኩሽ። የተማረች ናት፣ አይታዋለች፣ ጣቴ ነው የደነዘዘው አልኩ። ከዚያ ወዲህ በገዛ ጣቴ አላምንም፤ ውሃ ሞቀ አልሞቀ እንኳ እሷን ነው የምጠይቃት» አሉ ወደ ባለቤታቸው በአገጫቸው እያመለከቱ። «ለካስ አላየሽውም።»

«አላየሁትም።»

የምትገባበት ጠፋት። ይዛው የመጣችው ሐሳብ ነበርና እየተንተባተበች ተናገረችው። «ስም የማወጣለት እኔ ነኝ። በእርስዎ ስም ልጠራው አስቤያለሁ።»

«አይሆንም!» አሉ ከበርጩማቸው ሊነሱ ቃጥቷቸው። «በሞተ ነገር ላይ ስሜን አትለጥፊ። ከፈለግሽ ነገ በምሳ ሰዓት ጣቢያው ነይና ለእኔ ያልሽውን ለእነሱ በያቸው። ፀጉር ቤቱንም ጨምረሽ።»

በማግሥቱ ሄደች። ዘጠኝ የሚሆኑ ሠራተኞች የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ትላልቅ ጉባኤዎች ላይ ያለ ወረቀት የምትናገር ሴት እዚያ ጽፋ ከያዘችው ወረቀት ላይ አነበበችላቸው። ፀጉር ቤት ያለችው ላይ አንድ ወጣት ሜካኒክ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ የሚያጅበው ሲያጣ ግን ሳቁን ዋጠው።

«እና አሁን ምን ይደረግ?» አለ ኃላፊያቸው።

«ምንም። የሚደረግ ነገር የለም። እሳቸው ልክ እንደነበሩ እንድታውቁ ነው።»

 ከዚያ ሜካኒኩ ፈቀቅ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀና «ጋሼ፣ ይምጡ» አለ። ሽማግሌው ወዲያው አልሄዱም። ሲሄዱም ጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት። የምሳ ዕቃቸውን ግን ከፈቱ።

ጽሑፉን ስትጽፍ የናሙናውን ቦታ በሚገልጸው አንቀጽ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባች። አለቃዋ ሰረዘው። መልሳ አስገባችው። እንደገና ሰረዘው። ሦስተኛ ጊዜ አስገብታ፣ በአዘጋጅነት አብሮ የገባውን የራሱን ስም ከጽሑፉ መሰረዝ ከፈለገ እንደማትቀየመው ነገረችው። ሳምንት ሙሉ አኩርፏት የራሱን ስም ሰረዘ። ሰፍነጉን «የሚወጋው» ብላ ሰየመችው።

ታትሞ ሲወጣ አንድ ቅጂ ይዛ ወደ ጣቢያው ሄደች። ሽማግሌው የበሩ ጥበቃ ቤት ውስጥ ነበሩ። ገጹን አገላብጠው የመርፌዎቹን ሥዕል ለረጅም ጊዜ አዩ፤ መንጠቆ የሚመስለውን ጫፍ በጥፍራቸው ተከተሉት። ቋንቋው የውጭ ስለሆነ፣ ስለ ቦታው የተጻፈውን እንድታነብላቸው ጠየቋት። እየተረጎመች አነበበች።

«‹የቦዩ ጠባቂ ዝርያው የተለየ መሆኑን አስቀድመው ተናግረዋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ናሙናውን ሳትመረምር የተለመደ ነው ብላ ፈረመች፤ ቦታውም በዚህ ምክንያት ጠፋ።›»

«አዘጋጇ ማን ናት?»

«እኔ።»

«ስምሽ አለበት?»

«ብቻውን፤ እላዩ ላይ።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ደህና ይሁኑ ብላ ልትወጣ ስትል፣ መንገድ መንገዱን እያዩ ተናገሩ።

«ይቅር አልልሽም ማለቴ አይደለም። ገና ነኝ።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

አሁን ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አትይዝም። በእሷ እጅ «የተለመደው» ተብሎ የተጻፈባቸው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጠርሙሶች አሉ፤ አንድ በአንድ እያወረደች ትቀቅላለች። እስካሁን አርባ ሰባቱን አይታለች። አርባ ስድስቱ የተለመደው ናቸው። አንዱን ገና አላወቀችውም።