ሁለት ብስክሌትና አንድ ይሉኝታ

የዴዴሳን ድልድይ ተሻግረው ዳገቱን እንደጀመሩ የጫንያለው ቀኝ ጉልበት ቀጭ አለ። ጥርሱን ነክሶ ፔዳሉን ረገጠ። ከፊቱ የሚሄደው ደረሳ ዞር ብሎ፣

"በርሲሳ፣ እንዴት ነው?" አለው። መምህር ማለቱ ነው፤ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

"ምንም አልል! አንተስ?"

"እኔማ ሰላም ነኝ።"

ሁለቱም ዋሹ።

የኬሚስትሪ መምህሩ ጫንያለው ባለፈው ዓመት የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ እግሩ ተሰብሮ ነበር። አምስት ወር በክራንች ሄደ። ክራንቹን የጣለ ዕለት ለጎረቤቱ ለልብስ ሰፊው ለደረሳ፣ "ከነቀምት ጊምቢ በብስክሌት በአንድ ቀን ካልገባሁ ይሄ እግር የእኔ አይደለም" ብሎ ፎከረ። ደረሳም ብቻውን አልሰደውም ብሎ ብስክሌት ተውሶ፣ ቅዳሜን የሚያህል የሥራ ቀን ሱቁን ዘግቶ አብሮት ወጣ። አሁን አመመኝ ቢል ደረሳ ያገኘውን መኪና አስቁሞ እንደሚጭነው ጫንያለው ያውቃል። መኪና ላይ ከወጣ ደግሞ እግሩ የእሱ መሆኑን መቼም ላያውቅ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ረገጠ።

ደግነቱ የደረሳ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጫንያለው በሰው ችግር ደስ ሲለው ይሄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የሚገርመው ደረሳም አልተናደደም፤ እንዲያውም ፊቱ ፈካ። ብስክሌታቸውን እየገፉ መንገድ ዳር ማንጎ ከምትሸጥ አንዲት ጠና ያለች ሴት ዘንድ ደረሱ።

"አከም ጂርቱ፣ ኢጆሌ ኮ!" አለች ሴትዮዋ፣ ልጆቼ እንዴት ናችሁ ስትል። ደራርቱ ትባላለች፤ ለተሳፋሪ ስትሸጥ አማርኛውን ለምዳዋለች። "ቁጭ በሉ እንጂ!"

ጫንያለው ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። ደረሳ እንደቆመ ቀረ።

"መቆም ይሻለኛል፣ አዴ" አላት እንደ እናት አክብሮ።

ደራርቱ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች። "ይሄኛው መቆም አልቻለም፣ ያኛው መቀመጥ አልቻለም። ማነው ያባረራችሁ?"

ጫንያለው ቀና ብሎ ጓደኛውን አየው። "ደረሳ፣ ምን ሆነሃል?"

"ኮርቻው ልጦኛል" አለ ደረሳ አንገቱን ደፍቶ። "ገና ከነቀምት እንደወጣን፣ ከዲጋ ጀምሮ።"

"ከዲጋ! ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ስትሰፋ የምትውል ሰው? ለምን እንረፍ አላልከኝም?"

"አንተ እግርህን ልትሞክር ወጥተህ፣ በእኔ መቀመጫ ምክንያት ላስቀርህ?"

"እኔንም ይሄ ጉልበቴ ገድሎኛል። መኪና ላይ ትጭነኛለህ ብዬ ነው የደበቅኩህ።"

"እጭንህ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ!"

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ደራርቱ አብራቸው እየሳቀች ለጠጉሯ ያስቀመጠችውን ቅቤ ከሙዝ ቅጠል ፈታች። የጫንያለውን ሱሪ ወደ ላይ ጠቅልላ ጉልበቱን ስታሸው "ኧረ እናቴ!" ብሎ ጮኸ። እሷ ግን አልራራችም። የተረፈውን ቅቤ ለደረሳ ሰጠችና፣

"ያንተን ደግሞ ከዛፉ ጀርባ ሄደህ ራስህ ቅባው" አለችው።

ደረሳ ሲመለስ ቆሞ ጎማውን መለጠፍ ጀመረ። ጫንያለው ማንጎውን እየመጠጠ ቁልቁል ወንዙን አየ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ረግጦ መምጣቱ አሁን ገና ታወቀው፤ ደስም አለው። ጉልበቱ ግን አብጧል፣ ጊምቢ ደግሞ ገና ሩቅ ነው።

"ቤቴ እዚያ ነው" አለች ደራርቱ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ያለውን ቆርቆሮ ቤት እያሳየች። "ጊምቢ እንደሆነ የትም አይሄድም።"

በዚህ መሃል ወደ ጊምቢ የሚወጣ አይሱዙ ማንጎ ለመግዛት ቆመ፤ ጋቢና የተሳፈሩትም ወረዱ። ሹፌሩ ሁለቱን ብስክሌቶች አየና፣

"ከኋላ ባዶ ነው፣ ጫኑና እንሂድ!" አለ።

ደረሳ ሙጫውን እንደያዘ ጫንያለውን ተመለከተ።

"እግዜር ይስጥልን፣ በብስክሌት ነው የምንገባው" አለ ጫንያለው።

"ዛሬ? በዚህ ዳገት?"

"ነገ። ዛሬማ አሞኛል" አለ፣ ማንጎ ሊመርጡ የወረዱት ሁሉ እስኪሰሙት ጮክ ብሎ።