አራተኛው ቀዳዳ

ደግሰው ገብጋባ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ሚስቱ ጥሩሐረግ ይህንን ሃያ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ስትነግረው ኖራለች። የወፍጮውን አሮጌ ሞተር በፈታ ቁጥር፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ጨምድደው የሚይዙት አራት ረጃጅም ብሎኖች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች፣ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ እየወለወለ ያደርቃል። ከዚያ ማስቲሹን በትንሽ ጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ የብሎኑን ጥርስ ይቀባል። በቃ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለብረት እንኳ ትሰስታለህ?» ትለዋለች። ይስቃል። ስቆ ዝም! ጉድ የሠራት ያ ሳቁ ነው።

ዓምና ክረምት ደግሰው ሞተ። ዘንድሮ ደግሞ ብሎኖቹ ዝገው ሁለቱ ተበጠሱ፤ የደሃና ወረዳ ሴቶችም እህላቸውን በአህያ ጭነው ሰቆጣ ድረስ መመላለስ ጀመሩ። ታላቅ ወንድሟ አንዷለም ከጽጽቃ መጥቶ ቁርጡን ነገራት።

«ቅዳሜ አህያ ይዤ እመጣለሁ። ወፍጮው ካልዞረ ቤትሽን ዘግተሽ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። ብቻሽን ምን በልተሽ ልትኖሪ ነው?»

ክፋት የለውም፣ አዝኖላት ነው። እሷ ግን በሰው ቤት ጥግ ቁጭ ብላ የወንድሟን ሚስት ፊት እያየች ከምትበላ ሞቷን ትመርጣለች።

«ቅዳሜ ሞተሩ ይጮሃል፣ ወንድምዓለም» አለችው።

የተበጠሰውን ብሎን በነጠላዋ ቋጥራ ሰቆጣ ወረደች። ብረት ቀራጩ ዓብዱልቃድር አራት አዳዲስ ብሎኖች ቀርጾ ሰጣት። «ቀዳዳው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ጋ ይደርሳል፤ ጥርሱን ማስቲሽ ቅቢው፣ አለዚያ ያፈሳል» አላት። እሱም ሞተሩን አላየው፣ እሷም ምን ያህል ልቀባው ብላ አልጠየቀችው።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ጀመረች። የደግሰው እንጨት ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ዞር ብላም አላየችው። መቀባት ብቻ? እሷ ገብጋባ አይደለችም! የመጀመሪያውን ቀዳዳ በማስቲሽ ሞላችውና ብሎኑን አጠበቀችው፤ ሰተት ብሎ ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛውም ገባ። «አየህ፣ ደግሰው? እንዲህ ነው እንጂ!» አለች ጮክ ብላ።

አራተኛው ግማሽ ላይ እምቢ አለ። ዓብዱልቃድር አወፍሮት ነው ብላ ማጥበቂያ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰካችና ባላት ጉልበት ተንጠለጠለችበት።

ቋ!

መጀመሪያ አላመነችም። ልትሞክረው ሞተሩ ውስጥ ውሃ ሞላችበት። ከቀዳዳው ሥር እስከ ታች ድረስ፣ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ወጣ።

ብሎኖቹን ሁሉ መልሳ ፈታች። ያንን እንጨት አውርዳ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ለካች። በሦስቱ እንጨቱ አልፎ ውሃው ወደሚዞርበት ክፍል ገባ፤ የተረፈው ማስቲሽ በዚያ በኩል ወጥቷል። አራተኛው ግን ታቹ ድፍን ነው። ብሎኑ ከላይ ሲገፋው መውጫ ያጣው ማስቲሽ ብረቱን ሰንጥቆታል። ደግሰው ቀዳዳውን ያን ሁሉ ጊዜ ሲያደርቅ፣ ማስቲሹንም ሲቆጥብ የኖረው ለዚህ ነበር።

ዓብዱልቃድር ጋ ደውላ መሰንጠቁን ነገረችው። «እሱ ብረት ብየዳ አይቀበልም፣ እህቴ። ለዚህ አሮጌ ሞተር ሌላ ምትክም ከየትም አይገኝም» አላት።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ይፈጫል ብላ ያስጠራቻቸው ሴቶች ገብሳቸውን እንደጫኑ መጡ። አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩ አህዮቻቸውን ወደ ሰቆጣ መንገድ መለሱ። ቢሰድቧት በወደደች።

አንዷለም ዕቃዋን ሲያወጣ እሷ ሞተሩ ሥር ተንበርክካ ነበር።

«ምን ነበረበት፣ ደግሰው?» ትላለች እያለቀሰች። «አንድ ቀን እንኳ ‹ዝም በይ አንቺ፣ ይሰነጠቃል!› ብትለኝ ምን ነበረበት? ምን ያስቅሃል?»

«ጥሩዬ፣ አህያው ተጭኗል» አለ አንዷለም ከደጅ። «ምን እየሠራሽ ነው?»

እንጨቱን በአራተኛው ቀዳዳ ውስጥ ቀስ አድርጋ ታዞር ነበር፤ አወጣችው፣ ጨርቁን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ መልሳ ከተተችው።

«እያደረቅኩት ነው፣ ወንድምዓለም» አለችው።