ወይ እርስዎ፣ ወይ ባትሪው

ከሸጎሌ ከብት ተራ ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ፣ ኩባንያው የሠራት የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ቆማለች። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ስስ ነገር ናት። ዛሬ ከመሬት ካልተነሳች ባለሀብቷ ወይዘሮ ጌጤ ብራቸውን ይዘው እንደሚሄዱ ኢንጂነር ረይሃና ታውቃለች። የምታበርራትም እሷው ነበረች፤ ክንፉንም ባትሪውንም ያሰላችው በራሷ ክብደት ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዮፍታሔ በተጋበዘው እንግዳ መሃል ሽክ ብለው መጡ።

«እኔ ነኝ የምቀመጥባት!»

ረይሃና ክው አለች። አለቃን ኪሎዎ ስንት ነው አይሉት ነገር! መካኒኩን ጀቤሳን ጠቀሰችው። ጀቤሳ ከብት ተራ ያደገ ነው፤ በሬ በዓይኑ ይመዝናል። ሰውየውን ከፊትም ከኋላም ዞሮ አያቸውና በጆሮዋ «መቶ አሥር» አላት፤ «ያውም ያለ ሻኛ።»

የእሷ እጥፍ!

«ጋሼ፣ አትችልም» አለች። «ወይ እርስዎ፣ ወይ ባትሪው።»

«ባትሪ ጨምሪባታ!»

«ባትሪም ይከብዳላ ጋሼ። ሲበዛ ሸክም ነው፣ ሲያንስ ጉልበት የለም። አህያ ገለባዋን ሁሉ ከተሸከመች ሽንኩርቱ የት ይጫናል?»

«የቀጠርኩሽ አይቻልም እንድትይኝ አይደለም!»

ሦስት ምክትል፣ ለየምክትሉም አንድ ጸሐፊ የቀጠሩ ሰው ናቸው፤ ሸክም ሸክምን እንደሚወልድ ከየት ይገባቸዋል?

ረይሃና ከባትሪው ግማሹን አስወረደች። አቶ ዮፍታሔ በሁለት ሰው ተገፍተው ገቡ። የመስተዋት ክዳኑን ልትዘጋ ስታጎነብስ እጇን ለቀም አደረጉ። መዳፋቸው በላብ ርሷል።

«ልጄ... አትነሳም አይደል?»

«በዚህ ክብደት? አትነሳም።»

«ተመስገን!» አሉና ለሕዝቡ እጃቸውን አውለበለቡ።

አውሮፕላኗ ሜዳውን በአህያ ሶምሶማ ዞረች። ጭብጨባው ቀለጠ። ምክትሎቹ «የምድር ላይ በረራው ተሳክቷል!» ብለው አወጁ፤ እንግዳው ሁሉ ለግብዣው ወደተሰቀለው ቁርጥ ተመመ።

«ይሄማ ባጃጅ ነው» አሉ ወይዘሮ ጌጤ፣ ወደ መኪናቸው እየሄዱ። ደግነቱ ሹፌራቸውም ቁርጥ ላይ ነበር።

«ጀቤሳ፣ ባትሪዎቹን መልስ!» አለች ረይሃና፤ የአቶ ዮፍታሔን ላብ ከወንበሩ ጠርጋ ገባች።

ሹፌሩ አፉን እየጠረገ ሲመጣ ጥላ አለፈበት። ወይዘሮ ጌጤ የመኪናውን በር እንደያዙ አንጋጠው ቀሩ። አቶ ዮፍታሔም ጉርሻቸውን ሳያላምጡ ቀና አሉ።

«ማነው የፈቀደላት? እንዴት ተነሳች?»

«ቀላል ነው ጋሼ» አለ ጀቤሳ። «እርስዎ ወረዱ፤ ባትሪው ተሳፈረ።»