መስማትና መፍቀድ

የታናሽ እህቷ ፎቶ ዛሬም ጠዋት ስልኳ ላይ ወጣ። ከሥሩ «ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች» ይላል። ሊያውቋቸው የሚችሉ! አንድ ጡት ጠብተው አብረው ያደጉትን እህቷን! እህቲቱ ከጠፋች አምስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ስልኳም አይሠራም። ፎቶዋ ግን በየማለዳው ብቅ ይላል፤ ታላቂቱም ስልኩን ደፍታ ትቀመጣለች።

የታላቂቱ ሥራ ይህንኑ ፎቶ የሚያመጣውን የስልክ መተግበሪያ ገጾች መንደፍ ነው። መተግበሪያው በሰው ስልክ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ለመውሰድ ፈቃድ የሚጠይቅበት ገጽ ነበረው፤ ረጅም ጽሑፍ፣ ከሥሩ «እስማማለሁ» እና «አልስማማም»። ሰው እያነበበ እምቢ ማለት አበዛ። እሷ ታዲያ ጽሑፉን «ወዳጆችዎን እናግኝልዎ» በሚል አንድ መስመር ተካችና ከሥሩ አንድ ትልቅ አረንጓዴ «እሺ» አስቀመጠች። እምቢታውን በደብዛዛ ፊደል ጥግ አስያዘችው።

«እሺ ይበልጣል ከሺ!» አለ አለቃዋ በሳቅ እየፈነዳ። ከመቶ ሰው ዘጠና ሰባቱ ተጫነው። ባልደረቦቿ «እሜቴ እሺ» እያሉ ይጠሯት ጀመር፤ እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏት ነበር።

እናቷም ተጫነችው። እናት ዘዴኛ ናት፤ ከሚደበድባት ባሏ ያመለጠችውን የትንሿን ልጇን አዲስ ቁጥር «ዳቦ ቤት» ብላ ነበር የያዘችው። መተግበሪያው ግን በዳቦ ቤት አይታለልም። የአማችየውም ቁጥር እዚያው ስልክ ላይ ነበረና ‹ትተዋወቃላችሁ› ብሎ የሚስቱን ፎቶ አምጥቶ አሳየው። ከፎቶው ኋላ የምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ታፔላ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በሁለተኛው ቀን ባልየው ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ታየ። እሷ በጓሮ በር ወጣች፤ የጀመረችው ቀሚስ የስፌት መኪናው ላይ እንደተወጠረ ቀረ።

ባልየው ይባስ ብሎ እናትየው ደጅ ድረስ መጣ። «ስልክሽ ነው የነገረኝ» ብሏት ሄደ።

እናት እያለቀሰች ሰነበተች። «በዚች ጣቴ ልጄን አሳልፌ ሰጠኋት» ትላለች። «እሺ ስል ሰማሁ ማለቴ ነው እንጂ መች ፈቀድኩ? ሰው ሲያናግርሽ እሺ ትዪ የለ?»

ታላቂቱ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ያቺን ቃል ማን እንደጻፈ አልተናገረችም። ሱቅ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሰው እሺ ባለ ቁጥር ትደነግጣለች። ሰሞኑን ደግሞ እናቷ ለቅሶውን ትታ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋ ከለቅሶው የባሰ ሆነባት።

ገጹን እንደገና ሠራችው። «እነዚህ ቁጥሮች የሌሎች ሰዎችም ናቸው፤ ሊደበቁ የፈለጉም ይኖሩባቸዋል» ብላ በትልቁ ጻፈች፤ «ፈቅጃለሁ» እና «አልፈቀድኩም»ን እኩል አደረገቻቸው።

«ይህን ማን ይጫነዋል?» አላት አለቃዋ።

«የገባው ሰው ብቻ።»

አልተቀበላትም። ቦርሳዋን አንስታ በቀጥታ እናቷ ቤት ሄደች። እናቷ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«እማዬ፣ ያቺን እሺ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» አለች፤ ከዚያ በላይ መናገር አቃታት።

«አውቃለሁ» አለች እናቷ ቀና ሳትል። «እህትሽ ነገረችኝ። ስትሠሪው በደስታ አሳይተሻት ነበር አሉ።»

«ደውላለች? በሕይወት አለች?»

«በሰው ስልክ ደወለች። ደህና ናት።»

ታላቂቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። ልቧ መለስ ሲል «የት ናት?» አለች።

እናቷ እጇ ላይ የነበረውን አንሶላ አስቀመጠች። «‹ለእህትሽ ያለሽበትን ልንገራት ወይ?› ብዬ ጠየቅኳት። ብዙ አሰበች። ከዚያ ‹አትንገሪያት› አለችኝ።»

«እኔ እኮ እህቷ ነኝ! ደግመሽ ጠይቂልኝ፣ በሞቴ!»

«እጠይቃታለሁ» አለች እናቷ። «እምቢ ካለች ግን እምቢ ነው።»