የታዲዮስ ቅንጣት

በ2005 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሬዲዮ «ሂግስ የተባለችው፣ ከአቶም የምታንስ ቅንጣት መገኘቷ ተረጋገጠ» ሲል ከዲላ ወዲያ ኮንጋ መንደር ያለችው የወንጌል አማኞች ጸሎት ቤት ለእሁድ የምስጋና ፕሮግራም ያዘች። እንዴት አትይዝ! የአሰገደች ልጅ ታዲዮስ፣ ዲላ ፊዚክስ እያስተማረ፣ ለዶክትሬቱ ዓመታት የለፋው በዚችው በሂግስ ላይ ነው። እናቱ ማክሰኞ ማክሰኞ የምትጾመው «የልጄ ቅንጣት ትገኝ» እያለች ነበር።

ጉዱን የሚያውቀው ታዲዮስ ብቻ ነው። የሌሎቹ ተመራማሪዎች ሂግስ ከሌላ ነገር ያልተሠራች፣ አንድ ወጥ ናት። የእሱ ግን ከሷ ባነሱ ነገሮች የተገመደች፣ ብርቱ ኃይል አጥብቆ የያዛት ናት። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ጠባይዋ ሌሎቹ ከተነበዩት ትንሽ ፈንገጥ ማለት፣ ከሷ የሚከብዱ ዘመድ ቅንጣቶችም ብቅ ማለት ነበረባቸው። ቅንጣቷን ያገኘው ግዙፍ ማሽን ያወጣቸውን አዲስ ልኬቶች ዓይኑ እስኪቀላ አያቸው። ጠባይዋ ፈንገጥ አላለም፤ ዘመድም የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አዲስ አበባ ያለው አማካሪው ዶክተር ፈለቀ በስልክ «ምን ያስጨንቅሃል? በስሌትህ ውስጥ የገመዳትን ኃይል ጉልበት ሽቅብ ስቀለው፤ ዘመዶቿ ይከብዱና ማሽኑ አይደርስባቸውም» አለው። ይቻላል። ግን ያኔ ሂግስ እሷ ራሷ ሳትከብድ እንድትቀር በስሌቱ ውስጥ ሁለት ግዙፍ ቁጥሮች እርስ በርስ ተጣፍተው ኢምንት ብቻ መትረፍ አለበት። ሌሎች እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ሲያመጡ ታዲዮስ «ተአምር ነው ወይስ ፊዚክስ?» እያለ ይሳለቅ ነበር።

እሁድ የጸሎት ቤቷ ሽማግሌ አቶ ከፈለኝ «ወንድም ታዲዮስ፣ ጌታ ያደረገልህን መስክር» ብለው ማይኩን ሰጡት። እናቱ ፊት ወንበር ላይ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ቢቀመጥ ማንም አይጠይቀውም። እሱ ግን ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«የተገኘችው የኔ አይደለችም» አለ። «እኔ ያልኩት ዓይነት ሆና አልተገኘችም። ሥራዬ ሳይፈርስ አይቀርም።»

እልልታው አፍ ላይ ቀረ። አሰገደች ብድግ አለች።

«ልጄ ደከመው! ብቻውን ሲያስብ፣ ሲያስብ ነው እንዲህ የሆነው። ኑ፣ እጅ ጫኑበት!»

ከበው ጫኑበት። አቶ ከፈለኝ «ጌታ ሆይ፣ የእሱን ቅንጣት አውጣለት!» እያሉ ጮኹ። ታዲዮስ ተፈጥሮ ልመና እንደማትሰማ ያውቃል፤ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። በእናቱ ሻካራ መዳፍ ሥር ግን ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም ጮክ ብሎ «አሜን» አለ።